ኢሜይልን በፊድ ሪደር ማንበብ፦ የትኛው መንገድ ምስጢራችንን ይጠብቃል?

ጅማ ውስጥ ኢንቦክሱ የሞላበት ሰው ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ የጥናት መጽሔቶች ማሳወቂያ ይጎርፍለታል። ቡና ላኪው የኒውዮርክን የአረቢካ ዋጋ የሚነግር ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሰዋል። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛዋ የስልጠና ጥሪ፣ የጨረታ ማስታወቂያና የለጋሾች ዜና ይመጣላታል። በዚህ ሁሉ መሃል የባንክ መልዕክትና የአለቃ ትዕዛዝ ተቀብሮ ይቀራል።

ለዚህ ጥሩ መላ አለ፤ ፊድ ሪደር ይባላል። የምትከታተሏቸውን ጽሑፎች አንድ ቦታ ሰብስቦ በተራ የሚያስነብብ አፕ ነው። ዜናውም፣ የሙያ ጽሑፉም፣ ኒውስሌተሩም (በየጊዜው ለተመዝጋቢ በኢሜይል የሚላከው ደብዳቤ) እዚያ ይገባል። ኢንቦክሱ ፋታ ያገኛል።

ችግሩ ኢሜይልን ወደ ሪደር የማስገቢያው መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። አንዱ መንገድ ለሪደሩ የምትፈልጉትን ደብዳቤ ብቻ ያሳየዋል። ሌላው የፖስታ ሳጥናችሁን በሙሉ ያስረክበዋል። ስክሪን ላይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፤ ሪደር ውስጥ ኒውስሌተር ይግባ፣ ኢንቦክስ ግን አይግባ። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር በዚህ ዓይን አንብቡት።

ፊድ በተፈጥሮው ክፍት ነው

ፊድ አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር የሚታደስ ፋይል ነው። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ ዓይነት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከብሮውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ወጣ። አቶም የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ጸደቀ። አብዛኛው ፊድ ፓስወርድ የለውም፤ አድራሻውን የያዘ ሁሉ ይከፍተዋል። ለዜና ይሄ ምንም አይደለም፤ ዜና ድሮም የሁሉም ነው። ኢሜይል ግን ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው። የአንድን ሰው ደብዳቤ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በተሠራ መንገድ ስናሳልፍ ነው ጣጣው የሚጀምረው።

ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ሳይ የምጠይቀው ይሄን ነው። ሪደሩ ምን ያህሉን ያያል? ከእኔ ሌላ ማን ሊከፍተው ይችላል? ቢያፈተልክ ምን አጣለሁ? ደግሞስ እዚህ ጅማ ሆኜ፣ በዚህ ኔትወርክና በዚህ ኪስ ያዋጣኛል ወይ?

ሙሉ ኢንቦክስን ለሪደር መስጠት

ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው። ጂሜይል ከድሮ ጀምሮ የራሱ የአቶም ፊድ አለው። ያልተነበቡ መልዕክቶችን ከነላኪያቸው፣ ከነርዕሳቸውና ከመጀመሪያ መስመራቸው ጋር ያወጣል። በድሮው አሠራር ይህን ፊድ ኦንላይን ሪደር ውስጥ ለማስገባት ሰዎች የተጠቃሚ ስማቸውንና ፓስወርዳቸውን እዚያው አድራሻው ላይ ይጽፉ ነበር። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ ፓስወርድ፣ የኤት ምልክት፣ ከዚያ የፊዱ አድራሻ። ፓስወርዱ እንግዲህ ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ ተቀመጠ ማለት ነው። የፊዶቻችሁን ዝርዝር ለጓደኛ ብትልኩ ፓስወርዱም አብሮ ይሄዳል።

ጉግል ይህን በር አጥብቦታል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ወዲህ በግል የጂሜይል አካውንት ላይ በስምና በፓስወርድ ብቻ ለመግባት የሚሞክሩ የሌላ ኩባንያ አፖችን አያስገባም። ስለዚህ ዛሬ ኢንቦክሳችሁን ማንበብ የሚፈልግ አፕ ከሁለት አንዱን ይጠይቃችኋል።

አንደኛው «በጉግል ግባ» ስትሉ የሚመጣው የፈቃድ ገጽ ነው። ብዙዎቻችን ሳናነብ «ፍቀድ» እንለዋለን። እባካችሁ አንብቡት። አንዳንዱ አፕ ስማችሁንና የኢሜይል አድራሻችሁን ብቻ ይጠይቃል። ያ ለመግቢያ ነው፤ ችግር የለውም። ሌላው ግን ኢሜይላችሁን በሙሉ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መላክና ለዘለቄታው መሰረዝ እንደሚፈልግ በግልጽ ይጽፋል። ኒውስሌተር ለማስነበብ የመጣ አፕ በእናንተ ስም ደብዳቤ መላክ ምን ያደርግለታል? እንዲህ የሚል መስመር ካያችሁ እዚያው ተዉት።

ሁለተኛው አፕ ፓስወርድ የሚባለው ባለ 16 ፊደል ቁልፍ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው ብቻ ያወጣዋል። ስሙን ሲሰሙት ለአንድ አፕ ብቻ የሚሠራ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ቁልፉን ያገኘ ሁሉ ኢሜይሉን በሙሉ ያነባል፤ ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኮድም አይጠየቅም። ደጉ ነገር፣ የጉግል ፓስወርዳችሁን ስትቀይሩ የወጡት አፕ ፓስወርዶች አብረው ይሰረዛሉ።

ነገሩን ይህን ያህል የማከርረው ኢንቦክስ የደብዳቤ ማስቀመጫ ብቻ ስላልሆነ ነው። በኢሜይል በከፈታችሁት በማንኛውም አካውንት ላይ «ፓስወርድ ረሳሁ» ብትሉ መልሱ የሚመጣው ኢሜይላችሁ ላይ ነው። የማረጋገጫ ኮዱ ብዙ ጊዜ ርዕሱ ላይ ወይም የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቀመጣል። የጂሜይል ፊድ የሚያወጣው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ስለዚህ «ፊዱ እኮ ሙሉውን ደብዳቤ አያሳይም» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም። ሌባው የሚፈልገው ያቺኑ አንድ መስመር ነው። ጋዜጣ ለሚያደርስ ልጅ የቤት ቁልፍ አንሰጥም፤ በር ላይ ተቀብለነው እንገባለን።

ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም። በተለይ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ካላችሁ፣ የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የምትይዙ ከሆነ፣ ጭራሽ አታስቡት።

ሪደሩ ራሱ የሚሰጣችሁ አድራሻ

ፊድቢን፣ ኒውስብለር፣ ኢኖሪደርና ፊድሊ ኒውስሌተር የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው። ሪደሩ ለእናንተ ብቻ የተፈጠረ የኢሜይል አድራሻ ይሰጣችኋል። ኒውስሌተር ላይ ስትመዘገቡ ከራሳችሁ ኢሜይል ይልቅ ያንን ትጽፋላችሁ። ደብዳቤው በቀጥታ ሪደሩ ውስጥ ይገባል። በጂሜይላችሁ በኩል አያልፍም።

እዚህ ሪደሩ የሚያየው ያስመጣችሁትን ብቻ ነው። መረጃው ቢሰረቅ የሚወጣው ምን እንደምታነቡ ነው። ይሄም ቀላል ነገር አይደለም። ሰው የሚያነበው ነገር ፖለቲካውን፣ ሃይማኖቱን፣ አንዳንዴም ሕመሙን ይናገራል። ቢሆንም የባንክ አካውንት አያስከፍትም። አድራሻው እጅ በእጅ ተዳርሶ ማስታወቂያ ቢበዛበት ደግሞ ትተውታላችሁ፤ ዋናው ኢሜይላችሁ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

ያ አድራሻ ግን ለኒውስሌተር ብቻ ይሁን። ምንም ዓይነት አካውንት አትክፈቱበት። ሪደሩ አንድ ቀን ቢዘጋ ከእሱ ጋር አካውንቱም ይጠፋል። ይሄ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ጉግልን የሚያህል ኩባንያ እንኳ ጉግል ሪደርን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1 ቀን 2013 ዘግቶታል።

ትልቁ እንቅፋት ክፍያው ነው። ፊድቢን በወር 5 ዶላር ነው። በሌሎቹም ኒውስሌተር መቀበል ብዙ ጊዜ ከሚከፈልበት ጥቅል ጋር ይመጣል። ከጅማ ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ቀላል አይደለም። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ይከፍልላችሁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ካርዱ የእነሱ ይሁን፤ አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይልና እናንተ ብቻ በምታውቁት ፓስወርድ ይከፈት። «እሱ ከፍቶልኛል» የሚባል አካውንት የእናንተ አይደለም።

ከዚህ በፊት በጂሜይላችሁ የተመዘገባችሁባቸውን ኒውስሌተሮች ማዛወርም ይቻላል። ቁምነገሩ ፎርዋርድ የሚደረግበት፣ ማለትም ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። የጂሜይል ሴቲንግ ውስጥ ፎርዋርዲንግ የሚለው ገጽ ላይ የሪደሩን አድራሻ ትጨምራላችሁ። ይሄ በኮምፒውተር ብሮውዘር እንጂ በስልኩ አፕ አይሆንም። ጂሜይል ወደዚያ አድራሻ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል፤ ኮዱን ሪደሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ገጹ የሚመጣውን ኢሜይል ሁሉ ቅጂ እንዲልክ ምርጫ ያቀርብላችኋል። እሱን አትንኩት። ከዚያ ወጥታችሁ ፊልተር፣ ማለትም ደብዳቤን የሚለይ ደንብ ፍጠሩ፤ «ከ» በሚለው ሳጥን የኒውስሌተሩን ላኪ አድራሻ ብቻ ጻፉ፤ የዚያን ላኪ ደብዳቤ ብቻ ወደ ሪደሩ አስተላልፉ። ለሌላው ኒውስሌተር ሌላ ፊልተር። ትንሽ ያሰለቻል፤ ግን የባንኩ ኮድ አብሮ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ያንኑ ገጽ በደንብ እዩት። እናንተ ያላስገባችሁት አድራሻ ተቀምጦ ካገኛችሁ ሌላ ሰው ኢሜይላችሁን እያነበበ ነው ማለት ነው። በተለይ ኢሜይላችሁን ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የከፈተላችሁ ከሆነ ይሄን ሳታዩ አትለፉ። ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለፎርም መሙያ እንዲህ የተከፈተ ኢሜይል በየቦታው አለ። የከፈተው ልጅ ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን ፓስወርዱን ያውቃል፤ የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩም የእሱ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ሳትቀይሩ ስለ ሪደር ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ኒውስሌተርን ወደ ፊድ የሚቀይሩ አገልግሎቶች

ከእነዚህ የታወቀው ኪል ዘ ኒውስሌተር ነው። በነጻ ይሠራል፤ ኮዱም ክፍት ነው። አካውንት መክፈት አያስፈልግም። የኒውስሌተሩን ስም ስትጽፉለት ሁለት ነገር ይሰጣችኋል፤ አንድ ኢሜይል አድራሻና አንድ የፊድ አድራሻ። ኢሜይሉን ኒውስሌተሩ ላይ ታስመዘግባላችሁ፤ ፊዱን የፈለጋችሁት ሪደር ውስጥ ታስገባላችሁ። ዶላር ለሌለው ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ዋናው ኢሜይላችሁ እዚህም ውስጥ የለበትም።

ነገር ግን ፊዱ ፓስወርድ የለውም። ጥበቃው የአድራሻው አለመገመት ብቻ ነው። ረጅምና ዝብርቅርቅ ስለሆነ በግምት አይገኝም፤ ካወቀው ሰው ግን የሚከለክለው ነገር የለም። አድራሻው ደግሞ ብዙ ቦታ ይቀመጣል። የሪደሩ ሰርቨር ላይ አለ። ብሮውዘራችሁ ታሪክ ውስጥ አለ። ኦፒኤምኤል በሚባለው ፋይል ውስጥም አለ። ይሄ ፋይል ከአንዱ ሪደር ወደ ሌላው ስትዛወሩ የፊዶቻችሁን ዝርዝር ይዞ የሚሄደው ነው።

በኦፒኤምኤል ላይ ልቆይ፤ ሰው ከሚዘነጋቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ። ሥራ ባልደረባ «የምታነበውን ዝርዝር ላክልኝ» ሲላችሁ ደስ ብሏችሁ ፋይሉን በቴሌግራም ትለቁለታላችሁ። እሱ ደግሞ የዲፓርትመንቱ ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ብትከፍቱት በየመስመሩ የፊዱ ስምና ሙሉ አድራሻው ተጽፎ ታያላችሁ። የዜናዎቹ ቢታዩ ግድ የለም። ከኒውስሌተር የተቀየሩት ግን የግላችሁ ደብዳቤ መግቢያ ናቸው። ኒውስሌተር ግርጌ ላይ ደግሞ «ምዝገባዬን አስተካክል» እና «አስወጣኝ» የሚሉ ሊንኮች አሉ። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ሲነካ በቀጥታ በስማችሁ ያስገባል። ስለዚህ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት እነዚያን መስመሮች ሰርዙ።

ሌሎቹ ጉድለቶቹ ቀለል ያሉ ናቸው። አንዳንድ አሳታሚዎች የዚህን አገልግሎት አድራሻ አይቀበሉም። ፊዱ ሲረዝምም የቆዩ ደብዳቤዎች ይሰረዛሉ፤ ስለዚህ ማኅደር አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ገንዘብ ከፍላችሁ ለምታገኙት ኒውስሌተርም አልመርጠውም።

ተንደርበርድ፦ ሁሉም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ

ላፕቶፕ ላለው ሰው ከሁሉም የምወደው ይሄ ነው። ተንደርበርድ የሞዚላ የኢሜይል ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይወርዳል። ኢሜይልም ያነባል፣ ፊድም ያነባል፤ ሁለቱን ግን በተለያየ አካውንት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። መሃል ላይ የሚያነብ ሦስተኛ ኩባንያ የለም። ጂሜይላችሁ ከጉግል በቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ይመጣል፤ ፊዱም ከድረ ገጹ በቀጥታ ይመጣል።

ለእኛ ከተማ ሌላም ጥቅም አለው። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት ያወረዳችሁትን ደብዳቤ ኔት በሌለበት ታነባላችሁ። መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራ አይቆምም።

ጉዳቱ ያው የላፕቶፑ ጉዳት ነው። ላፕቶፑን የያዘ ሰው ሁሉንም ይዟል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ ፓስወርድ ይኑረው፤ ተንደርበርድ ውስጥም ዋና ፓስወርድ የሚለውን አብሩ። እሱ ካልበራ የተቀመጡት የኢሜይል ፓስወርዶች ከፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ በግልጽ ይነበባሉ። ቢሮ ውስጥ ለብዙ ሰው በሚያገለግል ኮምፒውተር ላይ ግን ተንደርበርድ አትጫኑ። ፊድ የሚያነበው የኮምፒውተሩ ተንደርበርድ መሆኑንም ልብ በሉ።

የራሳችሁን ሰርቨር መትከል የሚባል መንገድም አለ። ፍሬሽአርኤስኤስና ሚኒፍለክስ ነጻና ክፍት የሆኑ ሪደሮች ናቸው። የኮምፒውተር ሰው ከሆናችሁ ግሩም ነው። ካልሆናችሁ ተዉት። በየጊዜው የማይታደስ ሰርቨር ከሚከፈልበት ሪደር የባሰ አደጋ ነው።

የቴሌግራም ቦቶች

ሁሉ ነገራችን ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ኢሜይልና ፊድ ወደዚያው የሚያመጡ ቦቶች ይማርካሉ። ለዜና ፊድ ተጠቀሙባቸው። ለኢሜይል ግን አይሆኑም። ከቦት ጋር የሚደረግ ወሬ እንደ ሚስጥራዊ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ቦቱን የሠራው ሰው በቦቱ በኩል የሚያልፈውን ሁሉ ማየት ይችላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

ኢሜይሉን ጭራሽ ማስቀረት

ብዙ ሰው ይህን አያስበውም፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ይሄ ነው። በኢሜይል የምታገኙት ብዙው ነገር ከጀርባው ፊድ አለው። ኢሜይል አድራሻችሁን ለማንም ሳትሰጡ ያንኑ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ላኪው ስማችሁን አያውቅም። ዝርዝሩ ቢሰረቅ እናንተ ውስጡ የላችሁም።

ተመራማሪ ከሆናችሁ ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ የፈለጋችሁትን ፈልጉ፤ ለምሳሌ ወባ በኢትዮጵያ። ከመፈለጊያው ሳጥን ሥር አርኤስኤስ ፍጠር የሚል ምርጫ አለ። የሚሰጣችሁን ሊንክ ሪደር ውስጥ አስገቡት። አዲስ ጥናት ሲወጣ ይደርሳችኋል። የጉግል የጥናት መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር ይህን አይሰጥም፤ ማሳወቂያው በኢሜይል ብቻ ነው። ለእሱ ከላይ ያየነውን ፊልተር ተጠቀሙ። ሰብስታክ በሚባለው የኒውስሌተር ማሳተሚያ ላይ የሚወጣ ኒውስሌተርም ፊድ አለው፤ አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽና ፊድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጨመር ነው። በዎርድፕረስ የተሠሩ ድረ ገጾችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። የሚከፈልበት የሰብስታክ ጽሑፍ ግን በዚህ መንገድ ሙሉውን አይመጣም።

ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በአንድሮይድ ስልኩ ፊደር የሚባለውን አፕ ይጫን። ነጻ ነው፤ አካውንት አይጠይቅም፤ የምታነቡትን ዝርዝር እዚያው ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ነገር ብቻ እዩ፤ የፊዱ አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ ብሎ መጀመር አለበት። ኤስ ከሌለችው በሆቴል ወይም በካፌ ዋይፋይ ላይ ሌላ ሰው የምታነቡትን ሊያይ፣ ጽሑፉንም መንገድ ላይ ሊቀይረው ይችላል።

ስለ ድብቁ ምስል

ብዙ ኒውስሌተር ውስጥ በዓይን የማትታይ፣ የአንድ ፒክስል ስፋት ያላት ምስል አለች። ደብዳቤውን ስትከፍቱ ምስሏ ከላኪው ሰርቨር ትጫናለች። ላኪው በዚያች ቅጽበት መቼ እንደከፈታችሁና ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደሆነ ይመዘግባል። ከአድራሻው በግምት ያላችሁበትን አካባቢ ማወቅ ይቻላል።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ያመጣል። ስለዚህ ላኪው መክፈታችሁን ሊያውቅ ቢችልም የእናንተን የኢንተርኔት አድራሻ አያገኝም። አሁን ነገሩን እዩት። ኒውስሌተሩን ከጂሜይል አውጥታችሁ ምስልን በቀጥታ በሚጭን ሪደር ውስጥ ብታስገቡት ያንን ከለላ አጣችሁ ማለት ነው። ለምስጢር ብላችሁ ተዛውራችሁ በዚህ በኩል ወደኋላ ሄዳችሁ። መፍትሔው አያስቸግርም። ሪደሩ ውስጥ ምስል በራሱ እንዳይጫን አድርጉ። ተንደርበርድ ለኢሜይል ይህን ሳትጠይቁት ያደርገዋል። የዳታ ፓኬጃችሁም በማይታይ ምስልና በማስታወቂያ ፎቶ አያልቅም።

ሊንኮቹም እንዲሁ ናቸው። ኒውስሌተር ውስጥ ያለ ሊንክ ብዙ ጊዜ የእናንተን መለያ ይዟል። ለሰው ማካፈል ከፈለጋችሁ ጽሑፉን ብሮውዘር ላይ ክፈቱና የመጨረሻውን አድራሻ፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ጭራ ቆርጣችሁ ላኩ። ከቆረጣችሁት በኋላ ገጹ መከፈቱን አንድ ጊዜ ሞክሩ።

እዚህ ከተማ ላይ የሚያጋጥሙ አደጋዎች

ስለ ሰርቨርና ስለ ሀከር ብዙ ይወራል። እውነቱን ለመናገር ጅማ ላይ ብዙ ሰው ምስጢሩን የሚያጣው በቅርብ ሰው እጅ ነው። ስልኩ ስክሪኑ ተሰብሮ መርካቶ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጠጋኙ «ፓተርኑን ንገረኝ፣ ልሞክረው» ይላል። እናንተም ትነግሩታላችሁ። ባንኩ አፕ የራሱ ፒን አለው። ሪደሩ ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ቁልፍ የለውም፤ ሲነካ በቀጥታ ይከፈታል። ኢንቦክሳችሁን ያገናኛችሁበት ሪደር ከሆነ የማረጋገጫ ኮዶቻችሁ እዚያ ተደርድረዋል። ስልክ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ከሪደሩ ውጡ። ከቻላችሁ ስልኩ ሲሞከር እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ኮምፒውተር ቤት ውስጥም እንዲሁ። ከጂሜይል ሎግ አውት ማድረግን አብዛኛው ሰው ለምዷል። ሪደሩ ግን በሌላ ታብ ተከፍቶ ይረሳል። ከጂሜይል መውጣት ከሪደሩ አያስወጣም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ብሮውዘሩን በግል መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፤ ስትጨርሱ መስኮቱን ዝጉ።

ሕግም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይሄ ሁለተኛው ይመለከተዋል። የታካሚ ስም ያለበት ኢሜይል በማይታወቅ ሪደር በኩል ቢያልፍ ጉዳዩ ከግል ምርጫ አልፏል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ያለ ኩባንያን ከጅማ ሆኖ በሕግ መከታተል ግን ረጅም መንገድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይያዝ?

መምህርና የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ መጀመሪያ ፊድ ያለውን ሁሉ በፊድ ያድርግ፤ ላፕቶፑ ላይ ተንደርበርድ ይጫን። ለስኮላር ማሳወቂያ ጂሜይል ውስጥ ፊልተርና ሌብል ቢያደርግለት ይበቃል፤ ወደ ሪደር መሄዱም ግዴታ አይደለም።

ቡና ነጋዴው ትንሽ ይለያል። የዋጋ ደብዳቤው ጠዋት በስልኩ ካልደረሰው ዋጋ የለውም። ለእሱ የሚከፈልበት ሪደር አድራሻ ያዋጣዋል፤ መክፈል ካልቻለ ኪል ዘ ኒውስሌተርና ፊደር። ከገዢ ጋር የሚጻጻፍበት፣ የውልና የባንክ ወረቀት የሚመጣበት ኢሜይል ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ይሁን። ውጭ ላሉ ገዢዎች የሚላከው የባንክ ቁጥር በዚያ ኢሜይል ነው የሚሄደው። አንድ ሰው ገብቶ ቁጥሩን ቢቀይረው የአንድ ኮንቴይነር ገንዘብ ሌላ ቦታ ሊገባ ይችላል።

የጤናና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የሥራ ኢሜይሉን እዚያው ይተወው። ለኒውስሌተር ሌላ የግል ኢሜይል ይክፈት።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ፊደር ይበቃዋል።

ቀድማችሁ ኢንቦክሳችሁን አገናኝታችሁ ከሆነ

ዛሬውኑ ፍቱት። የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ደህንነት የሚለው ገጽ ላይ የተገናኙ የሌላ ኩባንያ አፖች ዝርዝር አለ። የማትጠቀሙበትን ሁሉ፣ ኢሜይል የማንበብ ፈቃድ ያለውን ሪደር ጨምሮ፣ ሰርዙ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ፈቃዱን አያነሳም። ቀጥሎ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ አፕ ፓስወርዶቹ በዚያው ይወድቃሉ። ፎርዋርዲንግ ገጹንና ፊልተሮቹን አንድ በአንድ እዩ። ከዚያ ወደ ሪደሩ ግቡና የኢሜይሉን ፊድ አጥፉ፤ ቀድሞ ያከማቸው ቅጂ ሊኖር ስለሚችል አካውንቱን ራሱን መዝጋት ይሻላል። የፊድ ዝርዝራችሁን ለሰው ልካችሁ ከነበረ ደግሞ ውስጡ የነበሩትን የተቀየሩ ኒውስሌተሮች ተዋቸውና በአዲስ አድራሻ እንደገና ተመዝገቡ።